ከሰርጉ በላይ ያለው መታጠፊያ

ሰኞ፣ ጥር 17። ማታ 1 ሰዓት

የሞተር ብስክሌቴን ካንዴላ ፈትቼ ጠረግሁት። ጥቀርሻ ብቻ። መልሼ ሳስረው ጣቴ ደነዘዘ። የደብረ ማርቆስ ብርድ ዘንድሮ ብሷል፤ ወይ እኔ ላይ ነው የባሰው። ስድስት ዓመት ኖሬበትም የአሰበ ተፈሪ ልጅ አጥንት አልለመደውም።

የስምንተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና አርሜ ጨረስሁ። አንዱ ተማሪ ዓባይ ከጣና የሚወጣው «ስለ ጠበበው» ነው ብሎ ጽፏል። ሳቅሁ። ከዚያ የምነግረው ሰው ፈልጌ ቀና አልሁ። ጠረጴዛ፣ አልጋ፣ ግድግዳ። ስለዚህ ላንተ ነገርሁህ፣ ደብተሬ።

ትናንት እሑድ ነበር። እሑድ አይወጣልኝም። ሰኞ ይሻላል፤ ደወል አለ፣ ጠመኔ አለ፣ «መምህር» የሚል አለ። እሑድ ግን ከቅዳሴ ከተመለስሁ በኋላ ቀኑ አያልቅም። ሞተሯን የገዛኋት ለዚሁ ነው፣ አገሩ ከተመለሰው ፈረንጅ መምህር። ስንዱ አታውቃትም። እሷ ከሞተች ወዲህ ወደዚህ ቤት የገባች አዲስ ነገር ይህች ሞተር ብቻ ናት።

ስንዱ ሚስቴ። አምና ኅዳር፣ ተስቦ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሙት ዓመቷ ዘንድሮ ኅዳር ወጣ፤ ሮብ ገበያ፣ አባቷ ቤት። ቄስ አድማሱ የገዛ ልጃቸውን ፍትሐት ራሳቸው ሲያደርሱ ድምፃቸው አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰበረም። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት ወሬ የለም። ድሮ ከሮ/ገበያ ለገበያ የሚወርድ ዘመድ ሁሉ ድንች ወይ ማር በሬ ላይ ጥሎልኝ ያልፍ ነበር፤ «እናትህ ሰላም ይሉሃል» ይለኝ ነበር። እማማ ጠጄን ማለታቸው ነው፣ የስንዱን እናት። አሁን ማንም አያልፍም። ቅር አላለኝም፤ ሰው ሥራ አለው፣ አጨዳ ነበር፣ ውቂያ ነበር። ግን እዚህ አገር ዘመድ የምለው እነሱን ብቻ ነው።

እሑድ ብሄድስ? ሳልጠራ። እንዲሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 19። ከት/ቤት መልስ

እሄዳለሁ። ቆረጥሁ።

ሰይድ ሱቅ ገባሁ። ለቄሱ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ለእማማ ሻሽ፣ ለአንጓች የእጅ መስተዋት። አንጓች የስንዱ ታናሽ ናት። መጀመሪያ ሳያት ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ ነበር፤ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች። ሰይድ ዕቃውን እየጠቀለለ ወዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርሁት። የዚያ አገር ሰዎች ሰሞኑን ሱቁን ባዶ አደረጉት አለኝ። ጥር አይደል፣ አልሁት።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ሰበብ የያዘ ሰው አረማመዱ ሌላ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 21

ፍሬን አጠበቅሁ። ፀጉሬን ተቆረጥሁ። ማታ ምን እንደምላቸው ተለማመድሁ። «በዚህ ሳልፍ ነው» ብል ውሸት ነው፤ ሮ/ገበያን አልፎ የሚኬደው ወደ ጮቄ ተራራ ነው፣ እዚያ ደግሞ ብርድ እንጂ ጉዳይ የለም። «ናፍቃችሁኝ ነው» ብል ማን ይደፍራል።

እሑድ፣ ጥር 23። ጧት 12 ሰዓት ተኩል

ውርጭ። ሣሩ ነጭ ሆኗል። ጋዜጣ ካፖርቴ ሥር ደረቴ ላይ ጠቅልያለሁ፤ ከሹራብ ይሻላል። ቤንዚን ሙሉ። ዕቃው በከረጢት ኋላ ታስሯል። ሞተሯ በሁለተኛው ርግጫ ተነሣች። ጥሩ ምልክት ነው እላለሁ፣ በምልክት የማላምን ሰው።

እዚያው እሑድ፣ ማታ

ከየት ልጀምር? ከመንገዱ። መንገዱ ይቀለኛል።

ከከተማው ወጥቼ ዳገቱን ስጀምር ፀሐይ ገና ናት። መንገዱ ሰኔ ሲገባ የሚዘጋ የአፈር መንገድ ነው። አንዱን ጉብታ ይዞራል፣ ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ትዞርና የመጣህበትን ከእግርህ ሥር መልሶ ያሳይሃል፤ ብዙ የሄድህ ሲመስልህ የባሕር ዛፉ ጫካ አሁንም እዚያው ነው። የተወቃ አውድማ፣ የገብስ ጭድ ክምር፣ ከየጣራው የሚወጣ ጭስ። አህያ የሚነዱ ሴቶች መጡብኝ፤ አህዮቹ እንዳይበረግጉ ሞተር አጥፍቼ እስኪያልፉ ቆምሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለፉ። አንዷ እንደምን አደርህ አለችኝ። በሞተር ላይ የሰው ሰላምታ ጫፉ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ቆሞ ሲሰሙት ግን ሙሉ ነው። ከአንዲት ሴት «እንደምን አደርህ» የተነሣ እስከሚቀጥለው ወንዝ ድረስ ሙቀት ተሰማኝ። ብቸኝነቴ እዚህ ደርሷል፣ ደብተሬ።

ከሮ/ገበያ ገበያ አልፎ፣ ከቄሱ ቤት በላይ፣ መንገዱ አንድ ገደል ታክኮ ይታጠፋል። ከዚያ ሆኖ ቤቱ ከነግቢው ከታች ቁልጭ ብሎ ይታያል። እዚያ ቆምሁ። አቧራዬን ለማራገፍ፣ ጋዜጣውን ከደረቴ ለማውጣት፣ ፀጉሬን ለማበጠር። ሞተሯን ሳጠፋት ከበሮ ሰማሁ።

ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ቅጠሉ ገና አልጠወለገም። ነጭ የለበሰ ሰው ሞልቷል።

በመጀመሪያ ተዝካር መሰለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የማን? የቄሱ ይሆን? ቀጥሎ እልልታ።

አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ከላይ ከመንገዱ መጡና አጠገቤ ቆመው ተነፈሱ። የማን ሰርግ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«የቄስ አድማሱ ነዋ። ልጃቸውን እየዳሩ ነው።»

«የትኛዋን?»

ትክ ብለው አዩኝ። «ስንት አለቻቸውና ነው የትኛዋ የምትለኝ? አንዲት አይደለች ያለቻቸው!»

እውነታቸውን ነው። አንዲት ናት ያለቻቸው።

ውረድ እንጂ፣ እንግዳ ሰው ከሰርግ ደጃፍ ይመለሳል እንዴ፣ አሉኝ። መንገደኛ ነኝ፣ ወደ ላይ ጉዳይ አለኝ አልሁ። ከረጢቱን ፈትቼ ለወ/ሮ ጠጄ እንዲሰጡልኝ ለመንኋቸው። ማን ልበላቸው? አሉ። እንዲሁ ይስጡልኝ፣ አልሁ። እያጉረመረሙ ወረዱ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ምን ያህል እንደቆምሁ አላውቅም። እማማ ጠጄን በአረማመዳቸው ለየኋቸው፤ ከወጥ ቤት ወደ ዳስ፣ ከዳስ ወደ ወጥ ቤት። መካከል ላይ ቆመው እስክስታ ሲወርዱ አየሁ። ሙት ዓመት ዕለት ክንዳቸውን ሁለት ሴቶች ደግፈው ነበር የሚያስኬዷቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሸለመ በቅሎ በሩ ላይ ታስሯል። አንጓችን አላየኋትም፤ ዳስ ውስጥ ናት።

ሞተሯን እዚያ ለማስነሣት አፈርሁ። ድምፅዋ ገደል ለገደል ያስተጋባል። እየገፋሁ ዳገቱን ወጣሁ፤ መታጠፊያውን ካለፍሁ በኋላ ነው ያስነሣኋት። የሰው ቤት ሰርስሮ እንደወጣ ሌባ።

ወደ ቤት መመለስ አልቻልሁም። ወደ ላይ፣ ወደ ጮቄ ነዳሁ። ማሳው አለቀ፣ ዛፉ አለቀ። የአስታ ቁጥቋጦ፣ የጓሳ ሣር፣ ከዚያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው፤ ጭጋግ ውስጥ ተራርቆ የቆመ ሰው ይመስላል። መንገዱ የበቅሎ መንገድ ሆነ፣ ከዚያ እሱም ጠፋ። ሞተሯን አስተኝቼ ዳቦዬን በላሁ። ነፋሱ ዳቦውን ከእጄ ሊነጥቀኝ ነበር። «አልጠሩኝም» አልሁ ጮክ ብዬ። ድምፄን ራሴም በደንብ አልሰማሁት።

ስመለስ በዚያው መታጠፊያ ማለፍ ግድ ነው። ሞተር አጥፍቼ በቁልቁለቱ ዝም ብዬ ተንሸራተትሁ። አሁንም ይዘፈናል። ወደዚያ አላየሁም። ከእሱ ቀጥሎ ባለው ኩርባ የላላ ጠጠር ነበር፤ የፊት ጎማው ከዳኝ። ወደቅሁ። ጉልበቴ ተላጠ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፣ ማርሽ ስቀይር የምጨብጠው የፍሪሲዮን እጀታ ጎበጠ። በድንጋይ ቀጥቅጬ አቃናሁት። ማንም አላየኝም። ያም ከፋኝ።

ቤት ገባሁ። ጉልበቴን አጠብሁ። ምን ሆነህ ነው የሚል የለም።

ሰኞ፣ ጥር 24

አነከስሁ። በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ውስጥ ጠየቁኝ። ከደረጃ ወድቄ ነው አልሁ። ደረጃ የሌለው ቤት እንዳለኝ ማንም ትዝ አላለው።

እንደ ትናንቱ አይደለም፤ ዛሬ ተናድጃለሁ። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ «ልጃችን»፣ ሲወጣ መንገደኛ። ድግሱ ላይ ስንቱ ባዳ ጠግቦ ሲበላ! አንዲት ቃል። በአንድ ገበያተኛ አፍ። «አንጓች ልትዳር ነው» ቢሉኝ ምን ነበረበት? መጥቼ ማገዶ እፈልጥ ነበር።

ዲሬክተሩ ጠራኝ። አሰበ ተፈሪ ያለ አንድ መምህር በዝውውር ወደዚህ መምጣት ይፈልጋል፣ ሚስቱ የቢቸና ሰው ናት አሉ። ከሱ ጋር ቦታ መቀያየር ትፈልጋለህ ወይ? አለኝ። ከክረምቱ በፊት ያልቃል። እዚያው እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ለጥቂት ቀን አስብበት፣ ብቸኛ ሰው ነህ፣ ምን ይይዝሃል፣ አለኝ። በቅንነት ነው ያለው።

ምን ይይዘኛል?

ሐሙስ፣ ጥር 27

ምንም የለም። አስተማርሁ፣ በላሁ፣ ተኛሁ። ሞተሯን አልነካኋትም። አቧራዋ እንዳለ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 29። ማታ

ደብተሬ፣ ቤቴ ውስጥ ሰው አለ። አልጋዬ ላይ ጋደም ብለዋል። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ከቀትር በኋላ ሞተሯ ሥር ተኝቼ ሰንሰለት እቀባለሁ። የግቢው በር ተንኳኳ። ክፍት ነው፣ ግቡ አልሁ። ማንም አልገባም። ብነሣ እማማ ጠጄ ከበሩ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ባዶ ከረጢት። የኔው ከረጢት።

እጄ ዘይት ነው፤ ወደ ኋላ አድርጌ ጎንበስ አልሁ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ። ቀጥለው ጉልበቴን አዩ።

«ምን ሆንህ?»

«ወድቄ ነው።»

«መቼ?»

ዘይት የነካ እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

«እሑድ ነዋ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

አስገባኋቸው። እህል በጫነ የጭነት መኪና ነው የመጡት፣ ከጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ በዚያ ነፋስ። ሻይ አፈላሁ። አልጠጡትም፤ ብርጭቆውን ለእጃቸው ሙቀት ያዙት። የዚያን ዕለት ሽማግሌው ከረጢቱን የሰጧቸው እንግዳ ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው አሉ። አንድ ፊቱ በአቧራ የተለወሰ መንገደኛ ሰጠኝ ብለዋቸው። «መስተዋቱን ሳወጣ አወቅሁ። ለአንጓች መስተዋት የሚገዛ ሌላ ማን አለ? እህቷን ስታገባ፣ ‹ለኔስ መስተዋት የለም ወይ› ብላ ያለቀሰችብህን ማን ያስታውሳል?»

እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። እጄ ነው ያስታወሰው።

እንዳልጠይቅ ለራሴ ምዬ ነበር። ጠየቅሁ። «ለምን አልጠራችሁኝም፣ እማማ?»

ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ቄሱ ይጠራ ብለው ነበር። አንጓችም ብላለች። አይጠራ ያልሁ እኔ ነኝ። ብትቆጣ እኔን ተቆጣ፣ ሌላ ሰው አትቀየም።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምን ታጠፋለህ፣ የኔ ልጅ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ምን መሰለህ፣ አንተ በር ላይ ስትደርስ ዐይኔ አልፎህ ይሄዳል። ከኋላህ እሷን ይፈልጋል። ልክ አብራችሁ ስትመጡ እንደነበረው፣ አንተ ፊት ፊት፣ እሷ ጫማዋን ስታራግፍ ወደ ኋላ ቅርት ብላ። ሙት ዓመቷ ዕለት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ትቼ እኔ የማየው በሩን ነበር። አንተ ገባህ፤ እኔ አሁንም በሩን። አንጓች የሰርጓ ዕለት የእናቷን እንባ እንዳታይ አልሁ። አንድ ቀን ልዋልላት አልሁ። ዋልሁላት። ጨፈርሁ፣ ከላይ ሆነህ አይተኸኝ ይሆናል። ማታ ግን ከረጢቱ ሲመጣ…»

አልጨረሱትም። አላለቀሱምም። እኔ ነኝ ተነሥቼ ወደ መስኮቱ የሄድሁት።

ሳምንቱን ሙሉ የተናደድሁት ረስተውኛል ብዬ ነው። ንዴት ቀላል ነበር። አሁን ይህን የት ላስቀምጠው?

ቆይተው፣ ነገ መልስ ነው፣ ሙሽሮቹ ይመጣሉ፣ ቄሱ ሳትይዢው እንዳትመጪ ብለውኛል፣ አሉ። ከሰርጉ ወዲህ በኔ የተነሣ ባልና ሚስቱ ኩርፊያ ላይ ናቸው፤ ማዕድ እንኳ አብረው አይቀርቡም። ነገ ወደዚያ የሚሄድ መኪና የለም፣ በምን እንሄዳለን? አልኋቸው። ራሳቸውን ወደ ግቢው ነቀነቁ፣ ወደ ሞተሯ። ቀጥለው ራሳቸው የነቀነቁት ነገር ምን እንደሆነ ሲገባቸው አማተቡ።

አልጋዬን ለቀቅሁላቸው። ወለል ላይ አነጥፌያለሁ። ውዳሴ ማርያም እያደረሱ ነው፣ በሹክሹክታ። በዚህ ቤት ከኔ ሌላ ትንፋሽ ከሰማሁ ዓመት አልፎታል።

እሑድ፣ ጥር 30። ማታ

ሄድን። ወ/ሮ ጠጄ፣ የቄስ አድማሱ ባለቤት፣ በሞተር!

በጎን ሊቀመጡ ፈለጉ፤ አልሆነም። ነጠላቸውን በወገባቸው አሰርሁላቸው፣ ጋዜጣም ሰጠኋቸው፤ ደረታቸው ላይ ሲያደርጉት «ምን የሚል ወሬ ነው የታቀፍሁት?» አሉ። ከከተማው እስክንወጣ ድረስ ጀርባዬ ላይ የሥላሴን፣ የእመቤታችንን፣ የጊዮርጊስን ስም ሲጠሩ እሰማለሁ። በመጀመሪያው ቁልቁለት «ዝግ በል!» አሉ። ዝግ አልሁ። «ቆምህ እንዴ?» አሉ። መንገደኛው ሁሉ ይቆማል፣ ያያል፣ ያማትባል። አንዱ፣ «ኧረ እትዬ ጠጄ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ። ሳቃቸው የስንዱ ነው፤ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት። ከፊቴ ያለውን መንገድ ብቻ አየሁ፣ ጠጠሩን፣ ኩርባውን።

እዚያ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ትከሻዬን መቱኝ። አቁም። ወረዱ። የት ላይ ቆመህ ነበር? አሉኝ። አሳየኋቸው። ሄደው እዚያው ቆሙ፣ ቁልቁል ግቢያቸውን አዩ። ዳሱ ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ውሻቸው እንኳ ከዚያ ይታያል።

«ሁሉም ይታያል ለካ» አሉ። ነጠላቸውን በወገባቸው አጥብቀው፣ እጄን ይዘው እንደገና ወጡ።

ግቢው ሲያየን በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። አንጓች ሙሽራነቷን ረስታ ሮጠች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እናቷ የላኩላትን መስተዋት ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ አሳየችኝ። «ለምን አልገባህም?» አለችኝ። እናቷን አየች፣ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ባሏ ዝምተኛ ልጅ ነው፣ የይጁቤ ሰው፤ ተነሥቶ ወንበሩን ሊለቅልኝ ፈለገ። ቁጭ በል፣ ያንተ ነው፣ አልሁት። በኔ መልስ ጊዜ እዚያው ነበር የተቀመጥሁት፣ ምሰሶው ሥር። ያኔ ምሰሶው አዲስ ነበር።

ቄሱ ከስተዋል። ከመደባቸው ተነሥተው አስነሡኝ፣ እኔ ጉልበት ልስም ስጎነብስ እሳቸው ትከሻዬን። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እማማ ጠጄ የመጀመሪያውን ምግብ አምጥተው ፊታቸው ሲያኖሩ ቄሱ ቀና ብለው አዩአቸው። «ይዤው መጣሁ» አሉ እማማ። «አየሁ» አሉ ቄሱ። ኩርፊያው እዚያ ላይ አለቀ መሰለኝ።

ምርቃት ላይ መጀመሪያ ሙሽሮቹን መረቁ። ቀጥለው ሳላስበው ወደኔ ዞሩ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

«አንተም ገና ነህ። ቤት ሥራ። ሚስት አግባ። ውለድ። ስትወልድ አምጥተህ አሳየን፣ የልጅ ልጃችን ነው። እኛ ይህን ካላልንህ ማንም አይልህም፣ ልጄ።»

ሰው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አልሁ። መፍቀዳቸው ነው። መሸኘታቸውም ነው። ከበሮው ተመታ፣ ሰው ተነሣ፣ እጄን ይዘው አስነሡኝ፣ አጨበጨብሁ። ያን ያህል ሰው መካከል ሆኜ ባለፈው እሑድ ገደሉ ጫፍ ላይ ከተሰማኝ የባሰ ብቸኝነት ያዘኝ። እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ ሆነ።

አየር ልወስድ ወጣሁ። ስመለስ እማማ ከበሩ ትይዩ ተቀምጠው ከሴቶች ጋር ይሳሳቃሉ። በሩን አልፌ ገባሁ። ዐይናቸው አልፎኝ ሄደ። ወደ በሩ። አንዲት አፍታ ናት፣ ሌላ ሰው አላስተዋለም። ከዚያ ተመለሰ፣ እኔን አገኘ፣ ፈገግ አሉልኝ። ያን ፈገግታ ለማምጣት ምን ያህል እንደከፈሉ አየሁ።

ሳይመሽብኝ ብዬ ተነሣሁ። ማር፣ ድንች፣ ዳቦ፤ ሞተሯ እስክትጎብጥ ጫኑብኝ። ዝግ ብዬ ነዳሁ። የኋላው መቀመጫ ላይ ጆንያ ነው ያለው፤ እሱም ቢሆን ከባዶ ይሻላል አልሁ፣ ግን አይሻልም። ፀሐይዋ ስትጠልቅ ኩርባዎቹ አንድ በአንድ ጠቆሩ። ከተማው ሲታየኝ ቤቴ ያለበትን ሰፈር በዐይኔ ፈለግሁት። አምፑሎች በርተዋል። የኔ የጠፋው ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2። ከቀትር በኋላ

የነነዌ ጾም። መምህራኑ ሁሉ ተኮማትረዋል። ዲሬክተሩ ኮሪደር ላይ ያዘኝ፤ መልስህን እየጠበቁ ነው አለኝ።

ሁለት ሌሊት አሰብሁበት። ባለፈው ሳምንት እሺ ብዬ ቢሆን ኖሮ ኩርፊያ ነበር። በሩን ደርግሜ መውጣት። ዛሬ ኩርፊያ የለም። ብቀር ይወዱኛል። በየበዓሉ ይጠሩኛል፣ እሄዳለሁ፣ በበሩ እገባለሁ፣ እሳቸውም በሩን ያያሉ። በየጊዜው። ቄሱ መርቀው ባያሰናብቱኝ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ እመላለስ ነበር፣ ሁለታችንም እየተጎዳን፣ መዋደድ ነው እያልን።

እና እኔም ደግሞ። ልጽፈው እፈራለሁ፣ ግን ለማን ልደብቅ። ከጠረጴዛ ጋር መሳቅ ሰልችቶኛል።

እሺ አልሁት። ሰኔ ላይ እሄዳለሁ። እጄን ጨበጠኝ፣ ጥሩ ወሰንህ አለኝ። ወደ ክፍል ገባሁ። ስለ ዝናም ነፋሳት አስተማርሁ። የጻፍሁትን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ጻፍሁት፣ ተማሪዎቹ ተሳሳቁ።

ለእማማ ግን በገበያተኛ አልክባቸውም። አንድ ቀን ከሌላ ሰው አፍ «ሄደ እኮ» ተብለው እንዲሰሙ አልፈልግም። ቄሱ ባሉበት፣ ፊት ለፊት፣ እኔው ነኝ የምነግራቸው። ያለቅሱ ይሆናል። እኔም። ይሁን። ቢያንስ ያን ቀን የምናለቅሰው በአንድ ቤት ውስጥ ነው።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በዚህ እሑድ። ጧት እነሣለሁ፣ ውርጭ ቢሆንም ባይሆንም።